ሚዛኑን ማን ያንብብለት?

በጎንደር ቅዳሜ ገበያ ዓይነ ስውር ሸማች ጤፉን በመዳፉ ዘግኖ ያጣራል፤ በርበሬውን አሽትቶ፣ ቅቤውን ቀምሶ ዋጋ ይከራከራል። እዚህ ድረስ ከማንም አያንስም፤ እንዲያውም ዓይናማው ያላስተዋለውን ሻጋታ የሚደርስበት እሱ ነው።

ፈተናው ሚዛኑና መልሱ ላይ ነው።

ኪሎውን የሚያነብለት ሻጩ ራሱ ነው። በመስከረም 2013 የወጡት የ50፣ የ100 እና የ200 ብር ኖቶችም ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወሩ ለስልሰው በመዳሰስ መለየት ያዳግታል። ስለዚህ ብዙዎች እያንዳንዱን ኖት በተለያየ አኳኋን አጥፈው ይይዛሉ።

በግንቦት 2013 የመጣው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ቴሌብር፣ ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ስማርት ስልክ ላለው እፎይታ ነው። ተራ ስልክ የያዘው ግን ብዙ ጊዜ የምሥጢር ቁጥሩን ለሌላ ሰው መንገር ግድ ይሆንበታል፤ ይህ ደግሞ ቦርሳን አውጥቶ ከመስጠት አይለይም።

ጎንደር የምትገኝበት አማራ ክልል ዓይን የሚያሳውረው ትራኮማ በዓለም ከበረታባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ጉዳዩ የጥቂቶች አይደለም። ኢትዮጵያም የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን በ2002 አጽድቃለች። የከተማው አስተዳደር ከዋና ዋና ገበያዎች በአንዱ ክብደት በድምፅ የሚናገር የማመሳከሪያ ሚዛን በማስቀመጥ ሊጀምር ይችላል።