ስም የሌለው ፎቶግራፍ

የሰው መልክ ያለ ስሙ ቢቀመጥ ምስክርነቱ ግማሽ ነው። ይህን የምንጽፈው ስለ ምጽዋ ወደብና ስለ አካባቢዋ ፎቶግራፎች ነው። አንዳንድ ሰዎች፣ የዕለት ኑሮን ለሚያሳይ ፎቶግራፍ መልክ ብቻ ይበቃዋል፤ የተነሣው ሰው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ከንቱ ድካም ነው ይላሉ። እኛ ግን ይህ አሳብ ሰውን ከዕቃ ጋራ የሚቈጥር ስለ ሆነ እንቃወመዋለን።

ነገሩ የቈየ ነው። ኢጣሊያ በ1877 ዓ.ም. ምጽዋን ከያዘች በኋላ የኒኮትራ ወንድማማቾችና ሉዊጂ ናሬቲ በዚያ አገር በፎቶግራፍ ሥራ ታወቁ። በዚያ ዘመን የጄኔራሉ ስም ከነማዕርጉ ሲጻፍ፣ በአገሬው ሰው ፎቶግራፍ ግርጌ ግን ብዙ ጊዜ የሚነበበው «የሐበሻ ሴት»፣ «የአገሬው ወታደር» የሚል ብቻ ነበር። ሴቲቱ እናትዋ ያወጣችላት ስም ነበራት፤ ወታደሩም እንደዚሁ። ከእነዚህ ፎቶግራፎች ብዙዎቹ ዛሬ በኢጣሊያ ቤተ መዘክሮች ተጠብቀው ይኖራሉ። የሴቲቱ የልጅ ልጅ ግን ቢያያት እንኳ አያቱ መሆንዋን በምን ያውቃል?

ቅኝ ገዢው ሄደ፤ ልማዱ ግን አልሄደም። ከባሕር ድንጋይ የተሠሩትን የምጽዋን ቤቶች፣ በየካቲት 1982 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት የቈሰለውንም የጥዋለት ቤተ መንግሥት የሚያነሣ ሁሉ ስለ ሕንፃው ዘመን አጣርቶ ይጽፋል። በደጃፉ የተቀመጠው ሽማግሌ ግን ከግንቡ እንደ ወጣ ድንጋይ ይቈጠራል። ጨው የሚዝቀው፣ ከሳምቡቅ ዕቃ የሚያወርደው፣ በሕርጊጎ ዳርቻ ዓሣ የሚያጠምደውም እንዲሁ ነው።

«በመንገድ የሚታይ ሁሉ የተመልካች ነው» ይሉናል። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ይታያል እንጂ የማንም ንብረት አይሆንም። ደግሞ «የአንድ ኩሊ ስም ለማን ይጠቅማል?» ይሉናል። ወንጌላውያን መረብ ሲጠግኑ የተገኙትን ዓሣ አጥማጆች ከነአባታቸው ከዘብዴዎስ በስማቸው ጠርተዋቸዋል። «በታንኳይቱ የነበሩት ሞያተኞች ስማቸው አልተጻፈም» የሚል ቢኖር፣ ወንጌላዊው መልካቸውን ወስዶ ስማቸውን አልጣለም ብለን እንመልስለታለን። የአብያተ ክርስቲያናቱም ሠዓሊዎች ሥዕሉን ያሠራውን ምእመን ከቅዱሱ እግር ሥር ተደፍቶ ሲሥሉት፣ ስሙን ከአጠገቡ ይጽፉለት ነበር፤ የሚያነበው ሁሉ እንዲጸልይለት ነውና።

ይህ ወቀሳ ለሌላ ብቻ አይደለም፤ ወደ ቤታችንም ይገባል። ምጽዋ ዛሬ የኤርትራ ከተማ ናት። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ መንግሥት ከመሆንዋ አስቀድሞ ግን ብዙ ኢትዮጵያውያን በባሕር ኃይልና በወደብ ሥራ ኖረውባታል። ነጭ ልብስ ለብሶ በመርከብ አጠገብ የቆመ ወጣት፣ በጉርጉሱም አሸዋ ላይ ከባልንጀሮቹ ጋራ የተቀመጠ ወጣት፣ በስንቱ ቤት ሣጥን ውስጥ ይገኛል! ፎቶግራፉን ገልብጠን ብናየው ጀርባው ባዶ ነው። ከባልንጀሮቹ መካከል ከጦርነቱ ያልተመለሰ፣ መቃብሩም ያልታወቀ አለ። ስሙን የሚያውቁት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ደግሞ በየዓመቱ ያልፋሉ። ካህን ለጸሎተ ፍትሐት ሲቆም የሚጠይቀው የሟቹን መልክ አይደለም፤ ስሙን ነው።

እንግዲህ ፎቶግራፍ አንሺው አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ባለመልኩ እንቢ ቢል ይተወው፤ ቢፈቅድለት ግን እንደ ፈቃዱ ስሙን ይጻፍ። ዛሬ ስልክ የያዘ ሁሉ ፎቶግራፍ አንሺ ስለ ሆነ ይህ ሥርዐት ለሁሉ ነው። የቀደመውንም ፎቶግራፍ በሣጥኑ ያኖረ ሰው ወደ እናቱ ወይም ወደ አያቱ ያቅርበውና ይጠይቃቸው።

በቅኔ ቤት ሰምና ወርቅን እንለያለን። በፎቶግራፍ መልክ እንደ ሰም ነው፤ ፀሐይና ወዝ ያጠፉታል። ወርቁ ስም ነው። እርሱን ለማትረፍ አንድ እርሳስና ጥቂት ትዕግሥት ይበቃል፤ የሚነግሩን ሰዎች ግን ነገ ላይገኙ ይችላሉ።