ሐላልነቱን ጠየቅን፤ ጠይብነቱንስ?



ኮልፌ በምሠራበት መድኃኒት ቤት ደጋግሞ የሚገጥመኝ ነገር አለ። አንዲት እናት ከሱቅ የገዛችውን የታሸገ ቸኮሌት ኬክ ከቦርሳዋ ታወጣና «እህቴ፣ እስኪ ጽሑፉን አንብቢልኝ፤ የአሳማ ነገር ወይም አልኮል የለበትም?» ትለኛለች። አንብቤ የለበትም ስላት «አልሐምዱሊላህ» ብላ ለልጇ ትሰጠዋለች። በሌላው እጇ የያዘችው ግን የአባቷን የስኳር መድኃኒት ማዘዣ ነው።

ጥያቄዋ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ግማሽ ጥያቄ ይመስለኛል። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራህ 168ኛው አንቀጽ የምንበላውን ሲነግረን ሐላልን ብቻ አላለም፤ ጠይብን፣ ማለትም መልካምና ንጹሕ የሆነውን፣ አብሮ አንስቷል። እኛ ግን ለመጀመሪያው ቃል የምናደርገውን ጥንቃቄ ሩቡን ያህል እንኳ ለሁለተኛው አናደርግም።

እስቲ በትንሽ የወረቀት ኩባያ የሚጋገረውንና ልጆቻችን ካፕ ኬክ የሚሉትን የቸኮሌት ኬክ እንመልከት። በተለመደው አሠራር ለ12 ፍሬ በሊጡ ውስጥ 200 ግራም ያህል ስኳር ይገባል። ይህ ለአንዱ ኬክ አራት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ከላይ ለሚቀባው ክሬም 300 ግራም የተፈጨ ስኳር ከተጨመረ ለአንዱ ሌላ ስድስት ማንኪያ ይደርሰዋል። በድምሩ አሥር ማንኪያ፣ 40 ግራም ገደማ! የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ አንድ አዋቂ ሰው በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር በቀን ከ50 ግራም በታች እንዲወስድ፣ ወደ 25 ግራም ዝቅ ቢያደርገው ደግሞ የተሻለ እንደሆነ ይመክራል። የልጅ ድርሻ ከዚህም ያንሳል። እኛ ግን ኬኩን ከጣፋጭ ሻይ ወይም ከለስላሳ ጋር ነው የምናቀርበው።

ቅባቱም አለ። ኬኩ ሳይደርቅ እንዲቆይ የሚጨመረው የረጋ የአትክልት ዘይት አንዳንዱ ትራንስ ፋት የሚባል ቅባት አለበት፤ ይህ ቅባት መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ፣ ጥሩውን ዝቅ ያደርጋል። «ካካኦ ለልብ ይጠቅማል ይባል የለ?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ኬኩ ውስጥ ያለው ጥቂት የካካኦ ዱቄት ያን ሁሉ ስኳርና ቅባት ሊያካክስ አይችልም።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ በስኳር ሕመምተኞች ላይ የማየው ነው። ታማሚ ልንዘይር ስንሄድ ኬክ ይዘን እንሄዳለን። እሱም ይሉኝታ ይይዘውና ይበላል። ከዚያም «ዛሬ ጣፋጭ ስለበላሁ አንድ ክኒን ልጨምር» ይላል። ይህን ፈጽሞ አታድርጉ! በተለይ ግሊቤንክላማይድ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲጨመር ስኳሩን ከልክ በታች አውርዶ ያልባል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ራስን ያስታል። በአንጻሩ ስኳሩ ለወረደበት ሰው ኬክ ወይም ቸኮሌት መስጠትም ትክክል አይደለም፤ ቅባቱ ስኳሩ ቶሎ ወደ ደም እንዳይገባ ያዘገየዋል። ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ስጡት። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳትሰጡ በፍጥነት ወደ ሕክምና ውሰዱት።

«ታዲያ ልጆቻችን በዒድ ቀንም ኬክ አይቅመሱ ልትይ ነው?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። አላልኩም። ዒድ የደስታ ቀን ነው፤ ይብሉ፣ ይደሰቱ። ተቃውሞዬ ኬኩ የየዕለት መክሰስ መሆኑን ነው። በትምህርት ቤት ምሳ ዕቃ፣ በዐቂቃ፣ በኢፍጣር ማዕድ ላይ፣ ጁዝ ላጠናቀቀ የመድረሳ ልጅ ሽልማት ሆኖም ሳይቀር አየዋለሁ። ለቁርኣን ልጅ የተምር ፓኬትና ኦቾሎኒ ብንሸልመው ምን ይጎድልበታል? ለምሳ ዕቃው ሙዝ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ቆሎ፣ በሶ አለን።

ቤት ውስጥ የምትጋግሩ እህቶች ደግሞ ክሬሙን ተዉት፤ የሊጡን ስኳር ሲሶ ቀንሱና የበሰለ ሙዝ ፍጩበት። ከሱቅ ስትገዙ ጽሑፉን አንብቡ፤ በአብዛኛው በቅድሚያ የሚጻፈው መጠኑ የሚበዛው ነው። ስኳር ወይም ግሉኮስ ሽሮፕ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ስሞች መካከል ካለ ወደ መደርደሪያው መልሱት።

ውድ ወላጆች፣ ገላችን አማና ነው፤ የልጆቻችን ገላ ደግሞ ይበልጥ። የሚቀጥለው ጊዜ ኬክ ይዛችሁ ስትመጡ «ሐላል ነው ወይ?» ካላችሁኝ በኋላ «ስኳሩስ ስንት ነው?» ብላችሁ ብትጨምሩልኝ እጅግ ደስ ይለኛል።

አላህ ሐላልና ጠይብ የሆነ ሲሳይ ይወፍቀን። ወላሁ አዕለም።