ቁልቋሉን ከካክተሱ ለይተን እንሽጥ

ከአዲስ አበባ ወደ ሰበታ፣ ወደ ቡራዩና ወደ ሱሉልታ በሚወስዱት መንገዶች ዳር የጌጥ ተክል ችግኝ መሸጥ ለወጣቶች የገቢ ምንጭ ሆኗል። ከጽጌረዳውና ከጥዱ ጎን በትንንሽ ፖት የተደረደሩ እሾሃም ተክሎችም አይጠፉም። ሻጩ ሁሉንም «ካክተስ» ይላቸዋል፤ ገዢው ቤቱ ሲያደርስ «ቁልቋል» ብሎ ይጠራቸዋል። በዚህ አንድ ስም የሚሸጡት ግን የተለያየ ዘር ያላቸው ተክሎች ናቸው፦ እውነተኛው ካክተስ፣ የአገራችን ቁልቋል ወገን የሆነው ዩፎርቢያ፣ አንዳንዴም ሬት። ሬትን ብዙው ሰው ስለሚያውቀው እንለፈው። የሁለቱ መደባለቅ ግን የግብርና ጽሕፈት ቤቶቻችንን ሊያሳስብ ይገባል ባይ ነኝ።

«ስንዴና ወተት እያለ የፖት ተክል ምን ይሁነኝ?» የሚል ኃላፊ እንደሚኖር እገምታለሁ። ሦስቱም ከተሞች በ2015 ዓ.ም በተመሠረተው ሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል። ከተማው በሰፋ ቁጥር ማሳ ይጠባል፤ ለአርሶ አደሩ ልጅ የሚቀረው ጓሮና በረንዳ ነው። ካክተስ ደግሞ በጥቂት ቦታና በጥቂት ውሃ ተባዝቶ የሚሸጥ ተክል ነው። ሥራው ይበረታታ። ነገር ግን የሚሸጠው ነገር ምንነት ይታወቅ።

ቁልቋል የእኛ ነው። በኦሮምኛ አዳሚ ይባላል፤ አዳሚ ቱሉ ከተማ ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ተክል ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ በአገራችን ስም «ኮልኳል» ብሎ ሥዕሉን አውጥቶታል፤ ሳይንሳዊ ስሙም «ዩፎርቢያ አቢሲኒካ» ነው። ቅንጭብም የዚሁ ወገን ነው። ካክተስ ግን በስም ካልሆነ በቀር ዘመዳቸው አይደለም። በአፍሪካ ጫካ ዛፍ ላይ ተንጠልጥላ ከምትበቅለው ከሪፕሳሊስ በስተቀር የካክተስ ዘር በሙሉ መነሻው የአሜሪካ አህጉር ነው። ሁለቱ የተመሳሰሉት ድርቅን ለመቋቋም ውሃ የሚይዝ ግንድና እሾህ ስላበጁ ነው።

ለመለየት ቢላዋ አያስፈልግም፤ እሾሁ የበቀለበትን ቦታ ማየት ይበቃል። በካክተስ ላይ እሾህ የሚወጣው ጸጉር ወይም ሱፍ ከለበሰች ትንሽ ትራስ መሰል ነጥብ ላይ ነው፤ ከአንዷ ነጥብ ብዙ እሾህ ሊወጣ ይችላል። በቁልቋል ላይ ይህች ነጥብ የለችም። እሾሁ አብዛኛውን ጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆኖ በግንዱ ጠርዝ ላይ ይሰለፋል። ሲያብብም የካክተስ አበባ ብዙ ቅጠል ያለው፣ ብዙውን ጊዜ ከተክሉ የማይመጣጠን ትልቅ ነው፤ የቁልቋሉ ደቃቅና ቢጫ ነው። ሲቆረጥ ቁልቋል ነጭ ወተት ያወጣል፣ የካክተስ ፈሳሽ አብዛኛውን ጊዜ ጥርት ያለ ነው። ነገር ግን አንዳንድ ትናንሽ ካክተሶችም ወተት ስላላቸው በወተት ብቻ መፍረድ ያሳስታል።

የመለየቱ ጥቅም የሚጀምረው ከዚህ ወተት ነው። የቁልቋልና የቅንጭብ ወተት ቆዳን ያቃጥላል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ከባድ ሕመም ያመጣል፣ ለጊዜውም ቢሆን ማየት ሊከለክል ይችላል። የገጠሩ ሰው ይህን ከአባቱ ስለተማረ አጥሩን ሲገርዝ ፊቱን ያዞራል። በኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ያስቀመጠችው እናት ግን «ካክተስ» ተብላ ስለገዛችው እሾሁን እንጂ ወተቱን አትፈራም። ልጇ ቅርንጫፉን ቢሰብርና ዓይኑን ቢያሽ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማጠብና ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል። ይህንን ለገዢው መንገር የሻጩ ግዴታ ሊሆን ይገባል።

ማሳደጉን በተመለከተ የሦስቱም ከተሞች ጠባይ ለካክተስ ከባድ ነው። በዚህ ዙሪያ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይዘንባል፤ አብዛኛው ደግሞ በክረምት በአንድ ላይ የሚወርድ ነው። የሱሉልታ ሜዳ ጥቁር ዋልካ ውሃ ይዞ ስለሚቆይ በእርሱ የተተከለ ካክተስ ሥሩ ይበሰብሳል። ስለዚህ የማሳ አፈር ብቻውን ፖት ውስጥ መጨመር አይሠራም። ግማሹን ያህል ውሃ የማይቋጥር ነገር መደባለቅ ይገባል፤ የአበባ እርሻዎች የሚጠቀሙበት ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ወይም ብሎኬት አምራቾች የሚያውቁት ፑሚስ ለዚህ ይሆናል። ፖቱ ከታች ቀዳዳ ይኑረው። ከሰኔ እስከ መስከረም ከጣራ ጥግ ወይም ከፕላስቲክ ሥር ይቀመጥ። ከጥቅምት ጀምሮ ሌሊቱ ውርጭ በሚጥልበት ጊዜ ደግሞ ውሃው ሊቆም ይገባል፤ ደረቅ ሥር ያለው ተክል ብርዱን ይችለዋል፣ እርጥቡ ይሞታል። ብዙዎች ካክተሳቸውን የሚገድሉት በማጠጣት ነው። የተቆረጠ ቁራጭም ወዲያው አይተከልም፤ ቁስሉ እስኪደርቅ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት በጥላ ይቀመጥ።

ወደ በለስ ልምጣ። በለስ እውነተኛ ካክተስ ነው። ትግራይ የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን ዛሬ ፍሬው በክረምት የምግብ እጥረት ወቅት ለሰው፣ ግንዱም በድርቅ ጊዜ ለከብት ደርሷል። በለስ ብዙ ወንድሞች አሉት፤ ሁሉም ግን እንደ እርሱ ጠቃሚ አይደሉም። ኦፑንሺያ ስትሪክታ የተባለው ዓይነት በኬንያ ላይኪፒያ የግጦሽ መሬት ወርሮ የእንስሳቱን አፍና ሆድ እየወጋ አርብቶ አደሩን አስቸግሯል። አውስትራሊያም በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደ 24 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ መሬት በዚህ ዘር ተወሮባት ነበር፤ ያዳናት ከአርጀንቲና ያመጣችው የእሳት ራት ነው።

«የእኛ ደጋ ብርድ ስለሆነ አይወርርም» የሚል መልስ እሰማለሁ። ለሱሉልታ ግጦሽ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የበለስ ወገን አንዲት መዳፍ ብትወድቅ ሥር ታወጣለች፤ ጎርፍም ይወስዳታል። ከቡራዩ የሚወርደው ውሃ በአቃቂ በኩል፣ የሰበታውም እንዲሁ አዋሽ ይገባል፤ የሱሉልታው በሙገር አድርጎ ወደ ዓባይ ይወርዳል። በሁለቱም አቅጣጫ የሚጠብቀው ይህ ዘር የሚወደው ቆላ ነው። እምቦጭም በዓለም የተሰራጨው በአበባው ውበት ምክንያት ሰዎች እየተቀባበሉት ነው፤ በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1965 ቆቃና አዋሽ ላይ ታየ፣ በ2011 ጣና ደረሰ።

«ተባይ እናመጣበታለን» ለሚል ደግሞ የደቡብ ትግራይ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ቀይ ቀለም ለማምረት ታስቦ ኮቺኒል የተባለ ነፍሳት በበለስ ላይ እንዲረባ ተደረገ። ሥራው ሳይዘልቅ ቀረ፤ ነፍሳቱ ግን በራያ አካባቢ ወደ አርሶ አደሩ በለስ ተዛምቶ አደረቀው። በመሆኑም ማንም ሰው ከዚያ አካባቢ የበለስ መዳፍ ለጓሮው ሲያመጣ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ካየበትና ሲጨፈልቀው ደም የመሰለ ቀይ ከወጣው አይትከለው፤ ያቃጥለው።

ከወረዳና ከክፍለ ከተማ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች የሚጠበቀው በጀት የሚጠይቅ አይደለም። የችግኝ ሻጮችን በአንድ ቀን ስብሰባ ካክተስንና ቁልቋልን ማስለየት ይቻላል። በየፖቱ ላይ በአማርኛና በኦሮምኛ ስሙ፣ ወተት ካለውም ማስጠንቀቂያው ይጻፍ። ከሚበላው በለስ በስተቀር የበለስ ወገኖች ለጌጥ መሸጣቸው ቢቆም እመርጣለሁ፤ ሻጮቹ ከዚህ የሚያጡት ገቢ ጥቂት ነው፣ ክብ ክቦቹና እንደ አምድ የሚቆሙት ካክተሶች ገበያቸውን ይሸፍኑላቸዋልና። ባለሙያው ራሱ የሚጠራጠረው ተክል ሲገጥመው ቅርብ ያሉትን የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልንና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘውን ብሔራዊ የዕፅዋት ቤተ መዘክር ይጠይቅ፤ አበባ የያዘ ቅርንጫፍ ፎቶ ወይም የደረቀ ናሙና ይዞ ቢሄድ መልሱ ይፈጥናል።

ከውጭ በሻንጣ የሚመጣ ቁራጭም አለ። የዕፅዋት ኳራንቲን ደንብ ቁጥር 4 እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ያለ ሲሆን፣ አብዛኛው ካክተስ ደግሞ በዓለም አቀፍ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት (ሳይተስ) ቁጥጥር ሥር ነው። ዘመድ ከአሜሪካ ሲመጣ «አንድ ካክተስ ያዝልኝ» ማለት ቀላል ቢመስልም ያለ ፈቃድ ሕገወጥ ነው። ጽሕፈት ቤቶቹ ይህንንም በዚያው ስብሰባ ለሻጮቹ ቢነግሯቸው ጥሩ ነው፤ ጊዜውም ከሰኔ በፊት ቢሆን ይመረጣል፣ ጎርፉ የተጣለውን ቁራጭ ይዞ ከመውረዱ አስቀድሞ።