የሺንሺቾ አረጋውያንና «ስማርቱ» ሸቀጥ

በሆሳዕና፣ በዱራሜና በሺንሺቾ ከተሞች ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮና ሴራሚክ የሚሸጥ ነጋዴ ከሚሰበስበው ገንዘብ ጥቂት የማይባለው ከደቡብ አፍሪካ የሚላክ መሆኑን ያውቃል። ልጅ ጆሃንስበርግ ወይም ደርባን ሄዶ ሱቅ ይከፍታል፣ ገንዘብ ይልካል፣ ለወላጆቹ ዘመናዊ ቤት ያሠራል። ወላጆቹ በዚያ ቤት ያረጃሉ። ልጁ ግን አጠገባቸው የለም።

ይህ ለነጋዴው ገበያ ነው። በሌላው ዓለም ለአረጋውያን ቤት ደኅንነት ተብለው የሚሸጡት «ስማርት» መሣሪያዎች ወደ እኛም ከተሞች መዝለቃቸው አይቀርም። ሆኖም አስመጪው መጀመሪያ ዓይኑን የሚጥልበት ሸቀጥ ለሺንሺቾ የማይሆነው እንዳይሆን ያሰጋል።

ሸቀጡ ሰው ሲወድቅ የሚያውቀው የእጅ ሰዓት ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2018 ይህን በሰዓቱ ውስጥ ካስገባ ወዲህ ስሙ ገኗል። የሚሠራው እንቅስቃሴን በመለካት ነው፤ ድንገተኛ ምት፣ ከዚያም ጸጥታ ሲያጋጥመው በስልክ ይደውላል። ሐሳቡ መልካም ነው። ይሁንና ሰዓቱ በየዕለቱ ወይም በየሁለት ቀኑ ቻርጅ መደረግ አለበት፤ መብራት በጠፋ ጊዜ ደግሞ ይህ አይሆንም። ከሁሉ በላይ ጥሪውን የሚያነሳው ማነው? ደርባን ያለው ልጅ ቢያነሳው፣ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ እናቱን ከወደቁበት ሊያነሳ አይችልም። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ የዶላር ዋጋ ከእጥፍ በላይ ማሻቀቡ ሲታከልበት፣ እንዲህ ያለውን ዕቃ በመጋዘን ከምሮ ገዥ መጠበቅ ካፒታልን ማሰር ነው።

አደጋው ግን እውነተኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች ወድቀው በደረሰባቸው ጉዳት ይሞታሉ፤ ከዚህ ውስጥ ከ80 በመቶ በላዩ የሚሞተው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ሲሆን፣ በብዛት የሚሞቱትም ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት ናቸው። እኛ ደግሞ አደጋውን ከቤቱ ጋር ገንብተን ነው የምናስረክበው፦ ውሃ ሲነካው የሚያሟልጭ ሴራሚክ፣ መደገፊያ የሌለው ደረጃ፣ ጨለማውን ግቢ ተሻግሮ የሚገኝ ሽንት ቤት። የእናት ዳሌ ከተሰበረ ሱቁን ለማስፋት የታሰበው ራንድ ለሕክምና ይውላል፤ አስታማሚ የምትሆነው ልጅም ከትምህርቷ ወይም ከንግዷ ትቀራለች።

ሰው ሲያልፍ የሰውነቱን ሙቀት ለይቶ በራሱ የሚበራ፣ ቀን በፀሐይ የሚሞላ መብራት ግን ኔትወርክ አይፈልግም፤ መብራት ኃይልንም ደጅ አይጠናም። የሚያዋጣው ይኸኛው ነው። ሌላው ዘወትር የሚረሳው የከሰል ነገር ነው። የሣር ጎጆው በጣሪያው ይተነፍስ ነበር። በብሎኬት ተሠርቶ በመስታወት የተዘጋው ቤት አይተነፍስም። ለብርድ ተብሎ መኝታ ክፍል የሚገባው ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታ የለውም። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ደወል ይህን ለይቶ ይጮኻል። የሽንት ቤቱ የብረት መደገፊያ ከውጭ አይምጣ፤ የሺንሺቾ ብየዳ ቤት ይሠራዋል። ደላላውና ኮንትራክተሩ ይህን ገና ከመነሻው በውሉ ቢያስገቡት ወጪው ኢምንት ነው። ሴራሚኩ ከተነጠፈ በኋላ ግድግዳ መብሳት ግን ሌላ ሒሳብ ያመጣል።

በዚህ ገበያ ከፋዩና ተጠቃሚዋ የተለያዩ ሰዎች መሆናቸውም አይዘንጋ። ከፋዩ ልጅ እናቱን በስልኩ ማየት ስለሚያምረው ካሜራ ይግባ ይላል። እናት ሳይጠየቁ ካሜራ ቢገጠምባቸው ግን በማግስቱ ነጠላ ይጣልበታል (እውነትም አላቸው!)።

እንግዲህ ዕቃ ብቻ ከሚሸጠው ይልቅ የሚገጥም፣ ባትሪ የሚቀይር፣ በወር አንድ ጊዜም ቤቱን የሚፈትሽ ወጣት ያሰማራ ነጋዴ ይቀድማል። የወር ክፍያው ከደርባን ይመጣል። የአደጋ ጥሪውን የሚቀበለው ግን ጎረቤት ይሁን፤ ለዚህም ትልልቅ ቁልፍ ያለው ተራ ሞባይል ይበቃል። እድሩ ለቀብር ድንኳን ለመትከል ሰዓታት አይፈጅበትም፤ በሕይወት ያለን ሰው ከወለል ለማንሳት ኃላፊነት ለተሰጠው ጎረቤት ልጅየው በየወሩ ጥቂት ብር ቢቆርጥ ነውር አይመስለኝም። ጉርብትና በገንዘብ አይገዛም የሚሉ ይኖራሉ። አሁን ባለው አኳኋን ግን ሌሊት የወደቀን ሰው ጎረቤት የሚሰማው ሲነጋ ነው።