ዶሮዋ ኮት ለብሳ መጣች

«ደኅና ነኝ» ለማለት ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ባለፉት ሁለት እትሞች ይህች ዓምድ በሌላ ሰው ጽሑፍ የተሞላችው፣ አዘጋጁ እንዳለው፣ «በጸሐፊው የግል ጉዳይ ምክንያት» ነበር። የግል ጉዳዬ የደም ግፊት ይባላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳምንት ሙሉ ጭንቅላቴን ከኋላ በኩል ሲወቅረኝ ሰነበተና የራስ ምታት ኪኒን ልገዛ እዚሁ ዮቪል፣ ሮኪ ጎዳና ላይ ካለ መድኃኒት ቤት ገባሁ። እዚያ የምትሠራው ነርስ፣ በዚህ አገር ነርስን «ሲስተር» ነው የሚሏት፣ ኪኒኑን ከመስጠቷ በፊት «እስቲ ቁጭ በል» አለችና ክንዴ ላይ ጨርቁን ጠመጠመችው። ማሽኑ ተነፋ፣ ተነፈሰ፣ 172 በ104 ላይ ቆመ። ሲስተር ቁጥሩን አይታ ፊቴን አየች፤ ፊቴን አይታ ደግማ ለካች። ያው ነው።

«ማታ ማታ ምንድን ነው የምትበላው?» አለችኝ።

«ዶሮ» አልኳት። ዶሮ በእኛ አገር የክብር ምግብ ስለሆነ ትንሽ ኮራ ብዬ ነው።

«የተጠበሰ?»

«አዎን።»

«በሳምንት ስንት ቀን?»

እዚህ ላይ የድሮው ጋዜጠኝነቴ ትዝ አለኝ። ሰው መልስ ሲያዘገይ የሚደብቀው ነገር እንዳለ ያኔ እኔ ነበርኩ የማውቅበት። ስድስት ቀን። ሰባተኛው ቀን እሑድ ነው፤ እሑድ ወዳጆቼ ቤት ሽሮ እበላለሁ።

እውነቱን ለመናገር ራስ ምታቱን ችላ ያላልኩት በራሴ ብልህነት አይደለም። አብሮኝ የሚኖር ወንድሜ አለ፤ የሥጋ ሳይሆን የስደት ወንድሜ። 43 ዓመቱ ነው። ብርድ ልብስና መጋረጃ ተሸክሞ ሎኬሽን ለሎኬሽን እየዞረ በዱቤ ሲሸጥ ኖሯል። ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ጧት ሻይ ሲጠጣ ብርጭቆው ከግራ እጁ ወደቀ። «ምን ነካህ?» ስለው መልሱ ከአፉ ተጣምሞ ወጣ። ስትሮክ ነው አሉን፤ ግፊቱ ለዓመታት ከፍ ብሎ የኖረ ሳይሆን አይቀርም፣ አልተለካም እንጂ፣ አሉን። እንደተለመደው መዋጮ ሰበሰብን። በዚህ አገር የእኛ ሰው መዋጮ የሚሰበሰበው በጥይት ለወደቀ ነበር፤ ሱቁ ተዘርፎ፣ ደረቱ ተመትቶ። ማታ ማታ በካርቶን ውስጥ እየታሸገ ቤታችን ለሚገባ ነገር እናዋጣለን ብዬ አስቤ አላውቅም። ዶሮው ብቻውን ነው ያመጣበት አልልም፤ ሐኪምም አይደለሁ። ሁለታችንም ግን ለአራት ዓመት ከአንድ ካርቶን በልተናል።

ስለዚህ ከሥራ ቀርቼ በተኛሁባቸው ቀናት የማውቀውን አንድ ሙያ ሠራሁ። ምን እንደምንበላ መረመርኩ።

ጆሃንስበርግ የወርቅ ከተማ ናት ይባላል። ወርቁን እኔ አላየሁትም፤ ዶሮውን ግን አይቻለሁ። ኬኤፍሲ በደቡብ አፍሪካ የመጀመሪያውን ሱቅ እ.ኤ.አ. በ1971 የከፈተው ኦሬንጅ ግሮቭ ነው፤ ከዮቪል ሉዊስ ቦታ ጎዳናን ይዞ በእግር የሚደረስ ሰፈር። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥርላችሁ።) በ1981 ጆርጅ ሶምቦኖስ የሚባል የዚሁ ከተማ ሰው ቺክን ሊከንን አቋቋመ። በ1987 ደግሞ በደቡብ በኩል ሮዘተንቪል ላይ ናንዶስ ተወለደ፤ ይኼኛው እንኳ በእሳት ላይ ይጠብሳል እንጂ በዘይት አያጠልቅም፤ በዚህ ጽሑፍ ክሱ አይመለከተውም። እንግዲህ ስደተኛው ከአውቶቡስ ሲወርድ ከተማዋ ማዕድ ዘርግታ ጠበቀችው ማለት ነው። አንድ ምድጃ ለስድስት ሰው በሆነበት ቤት፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ ከምሽቱ 3 ሰዓት ለሚገባ ሰው፣ ሁለት ቁራጭ ዶሮና ድንች በአሥር ደቂቃ ትኩሱን እጁ ላይ ሲደርስለት፣ «ተው ሽንኩርት ክተፍ» የሚለው ማን ነው?

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። የዶሮ ደረት ያለ ቆዳ፣ ያለ ዘይት ቢጠበስ በ100 ግራም 165 ካሎሪ፣ 31 ግራም ፕሮቲን፣ 3.6 ግራም ስብ አለው። ሶዲየሙ፣ ማለትም ከጨው ውስጥ ግፊት የሚያስነሣው ክፍል፣ 74 ሚሊግራም ብቻ ነው። ይህን ያዙልኝ። ኬኤፍሲ በአሜሪካ ለደንበኞቹ ሲያወጣው በኖረው ዝርዝር ደግሞ፣ «ኦሪጂናል» የሚባለው አንድ ደረት 390 ካሎሪ፣ 21 ግራም ስብና 1,190 ሚሊግራም ሶዲየም ይዟል። ጭኑ 280 ካሎሪ፣ 19 ግራም ስብ፣ 910 ሚሊግራም ሶዲየም። ቅልጥሙ 130 ካሎሪ፣ 8 ግራም ስብ፣ 430 ሚሊግራም ሶዲየም። የቁራጩ መጠን ከአገር አገር ስለሚለያይ የእኛው ሰፈር ቁራጭ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል፤ ስዕሉ ግን ይኸው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚፈቅደው ሶዲየም ከ2,000 ሚሊግራም በታች ነው፤ በጨው ሲለካ 5 ግራም፣ አንድ የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። አንድ ጭንና አንድ ቅልጥም የበላ ሰው 1,340 ሚሊግራም ወስዷል። የቀኑን ሁለት ሦስተኛ ጨርሷል ማለት ነው፤ ድንቹ ላይ የተነሰነሰውን ጨው፣ ጧት የበላውን ዳቦ፣ ቀን በመንገድ የቀመሰውን ሳንጨምር። እኔ ደግሞ፣ እግዜር ይይልኝ፣ በላዩ ላይ ከትንሿ ወረቀት ጨው እጨምርበት ነበር።

ልብ በሉ፣ እኔ እንደ ብዙ ሰው ስሰጋ የነበረው ስለ ስብ ነው። ሆዴን እያየሁ «ይኼ ዘይት» እል ነበር። ስቡም ቀላል ነው አልልም፤ አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ሲሰጥ አንድ ግራም ፕሮቲን የሚሰጠው 4 ነው። ነገር ግን ስብ ቢያንስ በመስተዋት ይታያል። ጨው አይታይም። ግፊትም አይታይም፤ ብርጭቆው እስኪወድቅ ድረስ።

እና ይህ ሁሉ ከየት መጣ? 74 ሚሊግራም የነበረ ነገር እንዴት ከሺሕ አለፈ? ዶሮዋ ኮት ለብሳ ነው የመጣችው። መጀመሪያ ሥጋው በጨውና በቅመም ይታሻል ወይም ይዘፈዘፋል። ቀጥሎ ጨው ያለበት ዱቄት ይለብሳል። ከዚያ ከ160 እስከ 180 ዲግሪ በጋለ ዘይት ውስጥ ይገባል። በኮቱ ውስጥ ያለው ውኃ እንፋሎት ሆኖ ሲወጣ ቀዳዳ ይተዋል፤ ዘይቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ሲጠበስ ሳይሆን ከወጣ በኋላ፣ ሲቀዘቅዝ ነው። ላዩ ላይ የቀረውን ዘይት ቀዳዳው ይመጠዋል። ስለዚህ ትኩሱን በደንብ ያላጠለለ ጠባሽ ዘይቱን በነጻ ይጨምርላችኋል። በየጥጋጥጉ ያሉት ስም የለሽ ጠባሾች ደግሞ ዘይቱን ስንት ቀን እንደሚመላልሱት እነሱ ያውቃሉ፤ የጠቆረ፣ አረፋ የሚደፍቅ፣ ገና ሳይግል የሚጨስ ዘይት ካያችሁ ግን ማንም ሳይነግራችሁ ዞር በሉ።

ኮቱ ሥር ደግሞ ቆዳው አለ። እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። እናቶቻችን ዶሮ ሲያርዱ ምን ነበር የሚያደርጉት? ላባውን በፈላ ውኃ ነጭተው፣ ለብልብ አድርገው፣ ቆዳውን ገፈው ነበር የሚጥሉት። ከዚያ አሥራ ሁለት ብልት አውጥተው በሎሚና በጨው አሥር ጊዜ ያጥቡታል፤ ውኃው ካልጠራ ሙያ የለም። የዶሮ ስብ አብዛኛው ያለው ቆዳው ላይና ከቆዳው ሥር ነው። ተጠብሶ ለብቻው ቢለካ ከመቶው 40 እጁ ስብ ነው። እናቴ ካሎሪ የሚባል ቃል ሰምታ አታውቅም፤ «ይሸታል» ብላ ነበር የምትጥለው። እኛ ተሰደን መጥተን እሷ የጣለችውን ዱቄት አልብሰው በካርቶን ሸጡልን፤ ከሁሉም የሚጣፍጠው እሱ ነው ብለን ለመጨረሻ ጉርሻ እናስቀምጠዋለን።

ይህን ስል ዶሮ ወጥ ንጹሕ ነው ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ቅቤው፣ ጨው ያለበት በርበሬው፣ ያ ሁሉ ዘይት! ልዩነቱ ዶሮ ወጥ በዓል የሚጠብቅ መሆኑ ነው። 55 ቀን ሁዳዴ ተጹሞ ለፋሲካ ይበላል፤ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ሰውነት ያርፋል። ሰባኪ አይደለሁም፤ እኔ ራሴ ጾም የፈታሁበትን ዓመት ብትጠይቁኝ አፍራለሁ። የካርቶኑ ዶሮ ግን ፋሲካን በየምሽቱ ነው የሚያመጣው። የሚጾም ጓደኛ አለኝ፤ ዓርብ ዓርብ «እኔ ድንቹን ብቻ» ይላል። «ዘይቱስ ማንን ሲጠብስ ዋለ?» ብለው አንድ ሳምንት አኮረፈኝ።

ሕግ የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አለ፤ የዚህ አገር መንግሥት በዚህ ረገድ የሚመሰገን ነው። ለልብ ክፉ የሚባለውን ትራንስ ፋት ከ2011 ጀምሮ በዘይትና በስብ ውስጥ ከመቶ 2 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል። በ2013 የወጣው የጨው ደንብ ደግሞ ከ2016 ጀምሮ ዳቦን፣ የታሸገ ቺፕስን፣ የሾርባ ዱቄትንና የመሳሰለውን ጨው አስቀንሷል። ተጠብሶ በካርቶን የሚሸጠው ዶሮ ግን በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። በ2018 የስኳር መጠጥ ላይ ቀረጥ መጣ፤ ከዶሮው ጋር የምንጨብጣት ጠርሙስ ማለት ናት።

«እንግዲያው ገዝተን ቤት እንሠራለን» ለምትሉ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እኔንም ያስደነገጠኝ እሱ ነው። በትልቅ ላስቲክ ታስሮ የሚሸጠው በረዶ የሆነ ብልት ዶሮ በጨው ውኃ የተወጋ ነው። ሥጋው እንዳይደርቅ ነው ይላሉ፤ ሚዛኑም እግረ መንገዱን ይጨምራል። ድሮ ውኃው ያለ ልክ ነበር የሚገባው። ከጥቅምት 2016 ጀምሮ ነው ለብልቱ ከመቶ 15፣ ለሙሉው ዶሮ ከመቶ 10 እንዳይበልጥ የተደነገገው። ስለዚህ ላስቲኩን አገላብጣችሁ «ብራይን» የሚለውን ቃል ፈልጉ። ካለ ጨው እናንተ መጨመር አያስፈልጋችሁም፤ ተጨምሮላችኋል፣ ዋጋውንም ከፍላችኋል።

ዶሮውን ጨርሶ ተዉ የሚል ቃል ከእኔ አይወጣም። ቀኑን ሙሉ ሎኬሽን ለሎኬሽን ሲዞር ውሎ ጧት ከጠጣት ሻይ በቀር ያልቀመሰ ሰው አንድ ቅልጥም ቢበላ 12 ግራም ፕሮቲን በ130 ካሎሪ አገኘ፤ ከብዙ ነገር ይሻለዋል። እኔ ወደ ሱቁ በወር ሁለቴ እሄዳለሁ። ደረትና ጭን ትቼ ቅልጥም አዛለሁ፤ ኮቱን ከነቆዳው እገፈዋለሁ፣ ድንቹን «ያለ ጨው» እላለሁ። ይህን ስል ልጅቷ እንደ እብድ ታየኛለች፤ ግን አዲስ ጠብሳ ትሰጠኛለች።

ሌላው፣ ተለኩ። ደቂቃ አይፈጅም። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የዚህ አገር የስደተኞች ሕግ ስደተኛ እንደ አገሬው መሠረታዊ የጤና አገልግሎት እንዲያገኝ ይፈቅዳል። ካርድ መዝጋቢዋ ፊቷን ልታጠቁርባችሁ ትችላለች፤ የእኛ ሰው ለአገር ውስጥ ጉዳይ ቢሮ ሰልፍ ከሌሊት ጀምሮ የሚቆም ነውና ለራሱ ደም አንድ ጧት ቢቆም አይከብደውም።

እኔ ሐኪም ያዘዘልኝን ኪኒን እየዋጥኩ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ሲስተር ስትለካኝ 148 በ92 ሆኗል። «ገና ነህ» አለችኝ።

ቤታችን አሁን ማታ ማታ ወጥ ይሠራል። ሽንኩርቱን እኔ እከትፋለሁ፤ ወንድሜ በቀኝ እጁ ያማስላል፤ ግራው ገና ድስቱን ለመያዝ አልደረሰም። ከጄፒ የገዛነውን በርበሬ እንጨምራለን፤ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በደንብ፤ ጨው በጣት ጫፍ። ትናንት በማንኪያ ቀመሰና ፊቱን አጨፍግጎ፣ ከድሮው ትንሽ ጎተት ባለ አንደበት «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ወጥ አይደለም፣ የሆስፒታል ነው» አለኝ። ሁለት ሳህን በላ።