በእሳት ስለሚጻፍ የእንጨት ጌጥና ስለ ቀብድ

በአዲስ አበባ ስጦታ በሚሸጥባቸው ሱቆች ከብርና ከወርቅ ጌጥ ጎን የእንጨት ጌጥ ይታያል። ይኸውም የአንገት ሐብል፣ ጉትቻ፣ አምባርና የቁልፍ መያዣ ሲሆን፣ በላዩ የገዢው ወይም የወዳጁ ስም በጋለ ብረት ይጻፍበታል። ሥራው ሰፊ ቦታና ብዙ መሣሪያ ስለማይጠይቅ በመኖሪያ ቤት ውስጥ ሊሠራ ይችላል፤ ከአናጢ ቤት የተረፈ ቁርጥራጭ እንጨትም ይበቃዋል።

ነገር ግን ይህን ዕቃ የሚቀበሉ አንዳንድ ባለሱቆች የሚከተሉት ልማድ ለስኒና ለሻሽ የሚሆን እንጂ ለዚህ ሸቀጥ የሚስማማ አይደለም። ዕቃውን ያለ ክፍያ ይረከባሉ፤ ሲሸጥ ዋጋውን ለሠሪው ይሰጣሉ፤ ሳይሸጥ ከቀረ ይመልሱለታል። ስም የሌለበት አምባር ቢመለስ ሠሪው ወደ ሌላ ሱቅ ይወስደዋል። «ለእኅቴ ለወለተ ኪዳን» ተብሎ የተጻፈበት አምባር ግን ወዴት ይወሰዳል? ያዘዘው ሰው ሐሳቡን ቢለውጥ፣ ሌላ ገዢ ሊገኝለት አይችልም። ጽሑፉን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ለማጥፋት ቢሞከር ስስ የሆነው ጌጥ ይበልጥ ይሳሳል፤ ቅርጹም ይበላሻል። እንግዲህ ኪሳራው በሙሉ ከሁሉ ያነሰ ገንዘብ ባለው ሰው ላይ ይወድቃል ማለት ነው። ይህ ከርኅራኄ ማነስ ብቻ የመጣ ሳይሆን የሸቀጡን ጠባይ ካለመመልከት የመጣ ነው።

ሥራው ከሩቅ ለሚያየው የልጅ ጨዋታ ይመስላል። እንጨቱ በሚገባ መድረቅ አለበት፤ ርጥብ ሳለ የተጻፈበት እንደ ሆነ ኋላ ሲደርቅ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ከዚያም ይለሰልሳል፤ ስሙ በእርሳስ ይነደፋል፤ በመጨረሻም በኤሌክትሪክ በሚግል፣ እንደ ብዕር በሚያዝ ብረት ይጻፋል። የብረቱ ጫፍ ከ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊግል ስለሚችል፣ እጅ ለአንድ አፍታ ቢዘገይ ነጥቡ ይሰፋል፤ ጢሱም ዙሪያውን ያጠቁራል። የእንጨቱም መሥመር አንዱ ጠጣር ሌላው ለስላሳ በመሆኑ ብረቱ በአንዱ ላይ ይዘላል፣ በሌላው ውስጥ ይሰምጣል። ወይራ ጠጣር ስለ ሆነ ጥርት ያለ ጽሑፍ ይቀበላል፤ ሆኖም የራሱ ጥቁር ሐረግ ቀጭኑን ስም ሊውጠው ይችላል። ችፕውድንና ኤም ዲ ኤፍ የተባለውን ሰሌዳ ግን ማቃጠል አይገባም፤ በውስጣቸው ያለው ማጣበቂያ ሲቃጠል ለጤና የሚጎዳ ጢስ ያወጣልና። ዋጋ እንዲቀነስለት አብዝቶ የሚከራከር ባለሱቅ ሠሪውን ወደዚህ ርካሽ ሰሌዳ የሚገፋው መሆኑን ቢያስብበት መልካም ነው።

ከዚህም በቀር የፊደል ነገር አለ። በአማርኛ አንድ ድምፅ በሁለትና በሦስት ፊደል ስለሚጻፍ፣ ፀሐይ የምትባለው ደንበኛ ስሟ በ«ጸ» ተጽፎ ብታገኘው አልቀበልም ልትል ትችላለች፤ ኃይሉም «ሀይሉ» መባልን ላይወድ ይችላል። ትእዛዙ በቃል ወይም በስልክ የተላለፈ ከሆነ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ማን ይፈርዳል? ስለዚህ ደንበኛው ስሙን በገዛ እጁ በትእዛዝ ወረቀት ላይ ጽፎ እንዲፈርም ማድረግ ግድ ነው። የአንድ ወረቀት ወጪ ስንት ክርክር ያስቀራል!

ዋናው መፍትሔ ግን ቀብድ ነው። ልብስ ሰፊ ልክ ለክቶ ቀብድ ሲቀበል የሚገረም ሰው የለም፤ ኮቱ እንኳ ለሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ስም ግን አይሆንም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1885 እንደ ደነገገው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን ለቆ ውሉን ሊተው ይችላል፤ ቀብድ የተቀበለውም ውሉን ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ባለሱቁ ይህን ሁለተኛውን ክፍል መርሳት የለበትም፤ ሠሪው በቀኑ ማድረስ መቻሉን ሳያረጋግጥ ገንዘብ መቀበል በራሱ ላይ ዕዳ መጥራት ነው። ከተቀበለም በኋላ የሠሪውን ድርሻ ወዲያው ሊያስተላልፍለት ይገባል እንጂ በሣጥኑ ውስጥ ሊያሳድረው አይገባም።

ገዢ ዕቃውን ሳያይ ገንዘብ አይሰጥም የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ስለዚህ ስም ያልተጻፈበትን ጌጥ በልዩ ልዩ ቅርጽ መደርደርና አንድ የተጻፈበት ናሙና ማሳየት ይበቃል። ያልተጻፈበት ቢመለስ ማንንም አይጎዳም። ለሠርግ መቶ አንድ ዓይነት ጌጥ የሚፈልግ ሰው ቢመጣ ደግሞ የሌዘር መሣሪያ ወዳለበት መምራት ነውር የለውም፤ የእጅ ሥራን በመሣሪያ ዋጋ እየለኩ ማዋረድ ግን ሠሪውን ከገበያ ማስወጣት ነው።

አስመጪዎችም የሚመለከታቸው ጉዳይ አለ፤ የጉትቻው ማንጠልጠያ ብረት ነውና። ኒኬል ብዙ ሰዎችን ቆዳቸውን ያሳክካል። የአውሮፓ ኅብረት በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ጀምሮ ከቆዳ ጋር ለረጅም ጊዜ ከሚነካካ ጌጥ የሚለቀቀውን ኒኬል ወስኗል፤ ዛሬ በተበሳ ጆሮ ውስጥ ለሚገባው ክፍል ወሰኑ በሳምንት በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 0.2 ማይክሮ ግራም ነው። ማንጠልጠያ የሚያስመጣ ነጋዴ ይህን የሚያረጋግጥ ወረቀት ከሻጩ ቢጠይቅ፣ በአውሮፓ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስማቸውን በፊደል አስጽፎ መላክ ለሚፈልገው ላኪ መንገዱን ያቃልልለታል። ባሕር ተሻግሮ ለሚሄድ ትእዛዝ ግን ቀብድ አይበቃም፤ ሙሉው ዋጋ ብረቱ ሳይግል በፊት መከፈል አለበት።