«እዚያ ገብቼ ምን ልበል?»



ባለፈው እሑድ የዕድራችን ስብሰባ እንዳለቀ አንዲት ጎረቤቴ «ዶክተር፣ አንድ ጊዜ» ብላ ወደ ዳር ወሰደችኝ። ነርስ ነኝ፤ ያውም ጡረታ የወጣሁ። ይህን ለሰፈሩ ማስረዳት ከተውኩ ግን ቆይቻለሁ። የ32 ዓመት ልጇ ከሥራ ከተቀነሰ ወዲህ እንቅልፍ አጥቷል፤ ሰው ይሸሻል፤ ሲጠጣም ያመሻል። በስንት ልመና የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ ለመሄድ ተስማምቶ ቀጠሮ ተያዘለት። ቀኑ ሲቃረብ ግን «እዚያ ገብቼ ምን ልበል?» እያለ ማመንታት ጀመረ። «እኔስ ምን ልበለው? ገብቼ አላየሁት» አለችኝ።

እኔ ገብቼ አይቼዋለሁ። ለእሷ የነገርኳትን ለእናንተም ላካፍላችሁ።

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እየነቃሁ ጣራ ሳይ ይነጋል። በትንሽ በትልቁ እቆጣለሁ። ግፊት ነው ብዬ ተለካሁ፤ ደህና። ስኳር ነው ብዬ ተመረመርኩ፤ ደህና። አንድ ቅዳሜ የስድስት ዓመት የልጅ ልጄ በር ላይ ቆማ አያቷን «አባባ ዛሬ ተቆጥቷል?» ብላ ስትጠይቃት ሰማሁ። ጥያቄው ልግባ ወይስ ልመለስ ለማለት ነው። 36 ዓመት ሕመምተኛ ሳስታምም «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልኩ የመከርኩት እኔ፣ የራሴን ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር። በዚያው ሳምንት ቀጠሮ አስያዝኩ።

የመጀመሪያው ቀን

ብዙ ወንዶች እዚያ የሚወቀሱ፣ ወይም እንደ ሽምግልና ተመክረው የሚሸኙ ይመስላቸዋል። እንዲህ አይደለም። ክፍሉ ውስጥ ያለው ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ነው፤ ብዙ ጊዜም አንድ ፓኬት ሶፍት። ካርድ ይወጣል፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ ይመዘገባል። ቀጥሎ ባለሙያው ስለ ምስጢር ያስረዳል። የተባለው ነገር ከክፍሉ አይወጣም፤ የራሱ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ካልሆነ በቀር። ለእናትም፣ ለሚስትም፣ ለመሥሪያ ቤትም አይነገርም። ልጃችሁ ይህን ቀድሞ ይወቀው። እናንተም ደውላችሁ «ምን አለ?» ብትሉ እንደማይነግሯችሁ እወቁ።

ከዚያ ጥያቄ ይመጣል። እንቅልፍ እንዴት ነው? ምግብስ? መጠጥ፣ ጫት፣ ሲጋራ? በቤተሰብ እንዲህ ያለ ሕመም የነበረበት አለ? ራስዎን ለመጉዳት አስበው ያውቃሉ? የመጨረሻውን ሲሰሙ የሚቆጡ አሉ። ነገር ግን ሁሉም ሰው የሚጠየቀው ነው። ጥያቄው ያልነበረ ሐሳብ አያመጣም፤ ያለበትን ሰው ግን እንዲናገር በር ይከፍትለታል።

እኔ ጥያቄዎቹን አሳምሬ አውቃቸዋለሁ፤ ለስንቱ ሰው አቅርቤያቸዋለሁ። ያም ሆኖ ስለ መጠጥ ስጠየቅ «አልፎ አልፎ» አልኩ። ያለ ሦስት መለኪያ አረቄ እንደማልተኛ እያወቅኩ፣ ልጄ በምትሆን ወጣት ፊት አፈርኩ። እውነቱን የነገርኳት በሦስተኛው ቀጠሮ ነው። አልተገረመችም፤ የጻፈችውን አስተካክላ ቀጠለች። የመጀመሪያ ቀን ሸፋፍኖ የሚመለስ እኔ ብቻ አይደለሁም። በኋላ ይስተካከላል።

ጊዜው ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ነው። መርፌ የለ፣ ኪኒን የለ። እቤት ስገባ ለባለቤቴ «ታዲያ ምን ተሠራልኝ? አውርቼ መጣሁ» አልኳት። ልጃችሁም እንዲሁ ማለቱ አይቀርም፤ አትደንግጡ።

እንዳይቋረጥ

ብዙ ወንድ የሚያቋርጠው ከሁለት ወይም ከሦስት ቀጠሮ በኋላ ነው። ምክንያቱም አንዳንዱ ሰው ከመሻሉ በፊት ይብስበታል። ላዩ ደርቆ ውስጡ መግል የቋጠረ ቁስል ሲከፈት የሚያመውን ያህል ነው።

እኔን የከፈተኝ ተራ ጥያቄ ነበር፤ «መጀመሪያ እንቅልፍ ያጡት መቼ ነው?» የምትል። በ1977ቱ ድርቅ፣ በተመረቅኩ በዓመቱ፣ ወሎ ውስጥ አንድ የእርዳታ ጣቢያ ተመድቤ ነበር። የሕፃናትን ክንድ እየለካሁ ማን ወደ ምግብ መስጫው እንደሚገባ፣ ማን እንደሚጠብቅ እለያለሁ። ቦታው ለሁሉም አይበቃም። አንዲትን እናት «ነገ ተመለሺ» አልኳት። በማግሥቱ ተመለሰች፤ ልጁን ግን አልያዘችም። ይህን 37 ዓመት ለማንም አልተናገርኩም፤ ለባለቤቴም ጭምር።

ያን ቀን ተናገርኩት። ሳምንቱን ሙሉ ሕልሙ ተመለሰብኝ። አራተኛውን ቀጠሮ ልቀር ስል ባለቤቴ ነጠላዋን አጣፍታ «እኔም ወደዚያው ነኝ፣ አብረን እንውጣ» አለች። ወደዚያ የሚያስኬዳት ጉዳይ እንደሌላት ሁለታችንም እናውቃለን። ምንም ሳልል ወጣሁ።

ባለሙያዋ «ጥፋትዎ አይደለም» ብላ አላባበለችኝም። ያኔ ስንት ዓመቴ እንደነበር፣ በጣቢያው ስንት ነርስ እንደነበረ፣ ወተቱ ለስንት ልጅ ይበቃ እንደነበር ጠየቀችኝ። እየቆጠርኩ ስመልስ የራሴን መልስ ሰማሁት።

የቤት ሥራም አለው። ስቆጣ ሰዓቱን፣ ከቁጣው በፊት የሆነውንና በልቤ ያሰብኩትን በደብተር እንድጽፍ ታዘዝኩ። በሦስተኛው ሳምንት ደብተሩን ገልጠን ስናይ አብዛኛው ቁጣዬ የምሳና የእራት ሰዓት ላይ ነው፤ ልጆች ሳህን ላይ ምግብ ሲያስተርፉ። እኔ ሥርዓት ማስተማር ይመስለኝ ነበር።

12 ጊዜ ተመላለስኩ። ሰዉ እንደ ሕመሙ ይለያያል፤ ብዙ ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን ሆኖ ከ6 እስከ 20 ቀጠሮ ይሆናል። ባለሙያው ካልተስማማው ሌላ መጠየቅ ይችላል፤ ወንድ ይሁንልኝ ቢልም ነውር የለውም። የሥነ ልቦና ባለሙያ በንግግር ይረዳል፤ መድኃኒት ካስፈለገ የሚያዘው ሐኪም ነው። የድብርት መድኃኒት ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃል፤ በራስ ፈቃድ አይቋረጥም። ጸበል የሚሄድ፣ ዱዓ የሚያስደርግም መድኃኒቱን ሳይተው ይሂድ። በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ማቆሙ ለሕይወት ሊያሰጋው ስለሚችል አስቀድሞ ሐኪም ያማክር።

አዲስ አበባ ላሉ፣ ከአማኑኤል ሌላ ጥቁር አንበሳ፣ ቅዱስ ጳውሎስና ዘውዲቱ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። «አማኑኤል» የሚለውን ስም መሰዳደቢያ ያደረግነው እኛው ነን። ልጆቻችን እርዳታ የሚያገኙበትን በር በገዛ አፋችን ዘጋነው።

የቤተሰብ ድርሻ

ሲመለስ «ምን አልክ? ምን አለህ?» አትበሉት። ምሳ አቅርቡለት፤ ከፈለገ እሱ ያወራል። ለዘመድ አታውሩበት። «አንተ ወንድ አይደለህ?» የምትለዋን ከቤታችሁ አስወጧት። የታክሲና የካርድ ገንዘብ ከቸገረው ሳይጠይቅ ስጡት። ከሁሉም በላይ ሦስተኛውንና አራተኛውን ቀጠሮ እንዳይቀር እንደ ባለቤቴ ዘዴ ፈልጉ።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። ስለ መሞት ካወራ፣ ዕቃውን ለሰው ማደል ከጀመረ፣ ወይም የስንብት የሚመስል ነገር ከተናገረ ብቻውን አትተዉት። የተባይ መርዝ፣ ገመድና ያለ መድኃኒት ሁሉ ከአጠገቡ ይራቅ፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። በግልጽ መጠየቅንም አትፍሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ700 ሺህ በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን በእጃቸው ያጠፋሉ። የወንዶቹ ሞት ምጣኔ ከሴቶቹ እጥፍ ይበልጣል። የወንድ ልጅ እንባው ወደ ሆዱ ነው እያልን ያሳደግናቸው ናቸው።

ለጎረቤቴም ያልኳት ይህንኑ ነው። «እዚያ ገብቼ ምን ልበል?» ሲልሽ «ምንም ሳታዘጋጅ ግባ፤ እነሱ ይጠይቁሃል፤ ያልፈለግከውን ዛሬ ባትመልስም ይሆናል። ብቻ በሁለተኛው ቀን አትቅር» በይው። ቀጠሮው የፊታችን ማክሰኞ ነው።

የልጅ ልጄ አሁን አሥር ዓመቷ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ማንንም ሳትጠይቅ ትገባለች። ሳህኗ ላይ ዛሬም ታስተርፋለች።